ጎበዝ ናት፣ ግን…

ባለፈው ሳምንት ከሰው ኃይል አስተዳደር አንድ ቅጽ ደረሰኝ። በሥሬ ላሉት ሦስት ፕሮግራመሮች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጥ ይላል፦ ሰዓት ማክበር፣ የቡድን ሥራ፣ ጥራት፣ ፍጥነት። ሰዓት ማክበሩን ወዲያው ሞላሁት። ጅማ ውስጥ ዝናብ ሲጥል ባጃጅ አጥቶ የሚያረፍደው ማን እንደሆነ፣ ፀሐይ ወጥቶም የሚያረፍደው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። "ፍጥነት" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።

ቅጹ ምንም አልከበደኝም። ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አለቃችን ደረጃ ላይ አግኝቶኝ ስለ አንዲት ባልደረባዬ ጠየቀኝ። "እንዴት ናት?" አለ። "ጎበዝ ናት፣ ግን ቀርፋፋ ናት" አልኩት። አምስት ቃል። ከአፌ ለመውጣት ሁለት ሰከንድ አልፈጀባትም፤ ከጭንቅላቴ ለመውጣት ግን ይኸው ስድስት ዓመት።

እኔ ደግሞ ያኔ በፍጥነቴ የታወቅሁ ሰው ነበርኩ።

የሁለት ቀን ሥራ

ቢሯችን ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ የተከራየናት ጠባብ ክፍል ነበረች። አራት ነበርን። አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር የግዢ ሲስተም እንድንሠራለት ተስማማን፦ ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡናውን ያመጣል፣ ይመዘንለታል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ብድር ካለበት ይቀነሳል፣ የቀረው ይከፈለዋል። ሥራውን ስንከፋፈል ሚዛኑና ደረሰኙ ለእኔ፣ የብድር ተቀናሹና ክፍያው ለእሷ ደረሰ።

እኔ በሁለት ቀን ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ነው፤ ሌሊቱም የምርቃና ሌሊት ነበር። የጅማ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ፈገግ ይላል። በምርቃና የተጻፈ ኮድ ሌሊት ላይ ቅኔ ይመስላል፣ ጠዋት ላይ ግን ባለቤቱም አይፈታውም። የኔው ግን ጠዋትም ሠራ። አለቃችን ሰው በመጣ ቁጥር "ይሄን በሁለት ቀን ነው የሠራው" እያለ ያሳይ ጀመር።

እሷ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ቀን ላፕቶፗን እንኳ አልከፈተችም። መጋዘኑ በር ላይ፣ ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሰው ሲመዝን ስታይ ዋለች። ማን የጆንያውን ክብደት እንደሚቀንስ፣ ማን ሚዛኑ ሳይረጋ እንደሚያነብ፣ ገበሬው ደረሰኙን የት ኪሱ እንደሚከት። አባቷ ሊሙ ላይ ቡና አላቸው፤ ከሚዛን ጋር ያደገች ልጅ ናት። እኛ ቢሮ ውስጥ ሆነን "ዛሬም ሚዛን ጥበቃ ላይ ናት?" እያልን እንሳሳቅ ነበር።

ከመጋዘን ስትመለስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "የተመዘነውን ኪሎ እንዳለ ብናስቀምጠውስ? ፈረሱላው ሲያስፈልግ ይሰላል።" ፈረሱላ ማለት 17 ኪሎ ነው፤ የቡና ዋጋ የሚነገርበት፣ ነጋዴውም ገበሬውም አፍ የፈታበት መለኪያ ነው። እኔ ደግሞ ዳታቤዙ ውስጥ ያስቀመጥኩት ፈረሱላውን ብቻ ነበር። ጸሐፊዋ ኪሎውን ታስገባለች፣ ሲስተሙ ለ17 ያካፍላል፣ ውጤቱን ይዞ ኪሎውን ይጥለዋል። "ዋጋው በፈረሱላ፣ ሪፖርቱ በፈረሱላ፤ ኪሎ ምን ያደርግልናል?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እሺ" አለች። ያቺ "እሺ" መስማማት እንዳልነበረች አሁን ነው የገባኝ። ይሉኝታ ነበረች።

የደረጃው ላይ ጥያቄ የመጣው በዚያው ወር ነው። እኔ ሲኒየር ተባልኩ፣ ደሞዜም ተጨመረ። እሷ በነበረችበት ቀረች።

"ቡናዬ ወልዷል"

ግዢው እየቀዘቀዘ ሲመጣ የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉ። ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው።

"አንተ ልጅ፣ ቡናዬ ወልዷል" አሉኝ።

"እንዴት ሐጂ?"

"እንዴት እንደሆነማ አንተ ንገረኝ። ኮምፒውተሩ ከሚለው በላይ ወደ 300 ኪሎ መጋዘኔ ውስጥ አለ።"

ቢጎድል ኖሮ ነገሩ ቀላል ነው፤ ቡና ጎደለ ከተባለ ሁሉም ወደ ሌባ ነው የሚያየው። ትርፍ ግን ያደናግራል። ሐጂን ግን ከጉድለት ይልቅ ትርፉ ነበር ያስጨነቃቸው። "የጎደለ ከኔ ነው፣ የተረፈ ከሰው ነው" ብለው ነው የዘጉት። ያኔ የሽማግሌ ነገር መስሎኝ አለፍኩት። የፕሮግራሙን ችግር ከሦስት ቀን በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውኝ ነበር።

ሦስቱን ቀን ምን ሠራሁ? ኮድ አገላበጥኩ። መጀመሪያ ጸሐፊዋ ሳታስገባቸው የቀሩ ደረሰኞች አሉ ብዬ ደመደምኩ። ልጅቷን ሰው ፊት "ስንት ደረሰኝ ዘለልሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። አንድም አልዘለለችም ነበር። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ መራቀቅ ጀመርኩ፦ የጅማ አየር እርጥብ ነው፣ ጀንፈሉ እርጥበት ስቦ ከብዶ ይሆናል አልኩ። ሐጂ ይህንን ሲሰሙ አልተቆጡም፣ አዘኑልኝ እንጂ። "ልጄ፣ ቡና ውኃ ከጠጣ ከሚዛኑ ቀድሞ አፍንጫዬ ይነግረኛል" አሉ። ከዚያ ሚዛኑን ጠረጠርኩ። ኮዴን አልጠረጠርኩም። ለምን እጠረጥረዋለሁ? ቴስት አድርጌዋለሁ።

26

በአራተኛው ቀን እሷን ይዤ ሄድኩ። ይዤ ሄድኩ የምለው ለክብሬ ነው፤ አለቃችን ነው "እሷም ትሂድ" ያለው።

መጋዘኑ ስንደርስ ከሰዓት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ የጀንፈል ሽታ ከበሩ ጀምሮ ይቀበላል። እኔ ላፕቶፔን ጆንያ ላይ አስደግፌ ከፈትኩ። እሷ ከሐጂ አጠገብ ተቀመጠችና የደረሰኝ ጥራዝ እንዲሰጧት ጠየቀች። ያን መዛኙ በእጁ የሚጽፍበትን፣ የካርቦን ቅጂ ያለውን። ሐጂ አንዱን ሰጧት። ገለጥ ገለጥ አደረገችና አንድ ቅጠል ላይ ቆመች። 26 ኪሎ ይላል።

"ይሄን ደረሰኝ አውጣልኝ እስቲ" አለችኝ። አወጣሁላት። ስክሪኑ ላይ 1.52 ፈረሱላ ይላል።

ስልኳን አወጣች። 26 ሲካፈል ለ17። ስልኩ 1.5294 ብሎ ብዙ ቁጥር ደረደረ። አጠፋችና 1.52ን በ17 አባዛች። 25.84 መጣ። ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ሐጂ ብቻ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው "የቀረው 160 ግራም የት ሄደ?" አሉ።

የት እንደሄደ አወቅሁ። ያን ሌሊት ደረሰኙ ላይ ረጅም ቁጥር ሲወጣ አስጠላኝና ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ አስቀርቼ የተረፈውን ቆረጥኩት። ወደሚቀርበው ቁጥር አላጠጋጋሁትም፤ ቆረጥኩት። እንዲያምር ብዬ ነው። ቢጠጋጋ ኖሮ አንዱ ገበሬ ጥቂት ሲጎድልበት ለሌላው ጥቂት ይጨመርለትና በስተመጨረሻ ይቻቻል ነበር። የተቆረጠ ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፣ ሁልጊዜ ከገበሬው ነው። በሙሉ ኪሎ ሲመዘን ከአንድ ደረሰኝ በአማካይ 80 ግራም ይቆረጣል። 4,000 ደረሰኝ ሲሆን 320 ኪሎ፣ ወደ 19 ፈረሱላ። ሐጂ ወለደ ያሉት ቡና።

ያሳፈረኝ ስህተቱ ብቻ አይደለም፤ ስህተት ማንም ይሠራል። ያሳፈረኝ ቴስቱ ነው። ያን ምሽት ቢሮ ተመልሼ ቴስት ያደረግሁባቸውን ቁጥሮች ከፍቼ አየሁ፦ 17፣ 34፣ 170። ሦስቱም ለ17 ያለቀሪ ይካፈላሉ። 1፣ 2፣ 10። እንዴት ያምራል! ሳላስበው ኮዴን የሚወዱትን ቁጥሮች ብቻ ነው የጠራሁት። አንድም ገበሬ ልክ 17 ኪሎ ይዞ እንደማይመጣ ለማወቅ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ በርጩማዋ ላይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይበቃ ነበር።

በኋላ ሳነብ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ። በካናዳ የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1982 አዲስ የዋጋ መለኪያ ከ1000 ነጥብ አስጀመረ። ኮምፒውተሩ በእያንዳንዱ ስሌት ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ እያስቀረ የተረፈውን ቆርጦ ይጥል ነበር። ከ22 ወር በኋላ መለኪያው 524 አካባቢ ወርዶ ተገኘ፤ በትክክል ቢሰላ ከ1098 በላይ መሆን ነበረበት። ይህን ሳነብ መጽናናት የነበረብኝ ይመስለኛል። አልተጽናናሁም። እዚያ የጠፋው ነጥብ ነው፤ እዚህ የጠፋው ጀርባ ላይ ተሸክመው ያመጡት ቡና ነው።

ማን አፈሰሰ፣ ማን ለቀመ

ማኅበሩ ልዩነቱ ለእያንዳንዱ ገበሬ እንዲከፈል ወሰነ። ኪሎው ዳታቤዝ ውስጥ ስላልነበረ ከካርቦን ቅጂው አንድ በአንድ መነበብ ነበረበት። እሷ፣ ያቺ ያስለቀስኳት ጸሐፊና ሁለት የማኅበሩ ልጆች ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ዝናብ የነካው ካርቦን እንዴት እንደሚነበብ ያየ ያውቀዋል። አንዳንዱ ገበሬ የደረሰው ብር አንድ ስኒ ቡና አያስጠጣም። ሐጂ ግን ስም እየጠሩ፣ እያስፈረሙ አከፋፈሉት።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይባላል። ተረቱ ለኔ አልሠራም፤ እኔ አፍስሼ የለቀሙት ሌሎች ናቸው። እኔ ያኔ ሌላ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ፈጣን ነኛ! ፈጣን ሰው ደረሰኝ ለመልቀም አይባክንም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የኔ ሁለት ቀን፣ የእሷ ሁለት ሳምንት፤ ልዩነታችን አሥራ ሁለት ቀን። የአራት ሰው ሦስት ሳምንት ደግሞ የአንድ ሰው አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ይሄ የማን ሰዓት ላይ ተመዘገበ? የእሷ ላይ ነዋ። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ሲታይ እኔ አራት ሥራ ጨርሻለሁ፣ እሷ ሁለት። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው እጥፍ ነኝ።

የማወራው ስለ ሥዕል ሳይሆን ስለ ሰው ስለሆነ እሷን መልአክ ማድረግ አልፈልግም። በአንዳንዱ ነገር በእውነትም ቀርፋፋ ነበረች። ስክሪን ማስዋብ ላይ ቀኑን ሙሉ አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስታንቀሳቅስ ትውላለች። "ቀርፋፋ ሁሉ ጠንቃቃ ነው" የሚለውንም አላምንም፤ ቀርፋፋም ግድ የለሽም የሆነ ሰው አብሮኝ ሠርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮዱን ማታ ማታ እያስተካከልንለት፣ ፊት ለፊት ግን በይሉኝታ "ጥሩ ነው" እያልን በደልነው። ኋላ ወደ ኔትወርክ ዝርጋታ ገባ፤ ዛሬ ገመድ ሲዘረጋ የሚያየው ሰው አፉን ይይዛል። አራተኛው ጓደኛችን ደግሞ ፈጣንም ጠንቃቃም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የለም እንዳልል አጠገቤ ተቀምጦ በቆሎ እሸቱን እየጋጠ ይሠራ ነበር። ልዩነት አለ፤ ሁላችንም እኩል ነን የሚለኝን አልሰማም። የኔ ጭቅጭቅ ከምንለካበት ቦታ ጋር ነው።

170 ሰዓት እና 6 ሰዓት

በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው "ጎበዙ ከደካማው አሥር እጥፍ፣ ሃያ ስምንት እጥፍ ይበልጣል" የሚል ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። እኔም ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ያው ራሴን የት እንደማስቀምጥ ታውቃላችሁ። ምንጩን የፈለግሁት ከመጋዘኑ ነገር በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሳክማን፣ ኤሪክሰንና ግራንት የተባሉ አሜሪካውያን ያሳተሙት ጥናት ነው። 12 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች አንድ ዓይነት ሥራ ተሰጣቸው። ከአንዱ ፕሮግራም ስህተት ለቅሞ ለመጨረስ ቀርፋፋው 170 ሰዓት ሲፈጅበት ፈጣኑ በ6 ሰዓት ጨረሰ። 28 እጥፍ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ግን ጥናቱ የተሠራው ሰውን ከሰው ለማበላለጥ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ መሥራትና ሥራን አስረክቦ ውጤት መጠበቅ የትኛው ይሻላል የሚለውን ለማየት ነው። ስለዚህ ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ሠራ። አንዳንዱ ከሰው አነጋገር ቀረብ ባለ ቋንቋ ሲጽፍ አንዳንዱ በማሽን ቋንቋ ጻፈ። ከአጋሮ ጅማ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በሚኒባስ መጥቶ ሲደርሱ ጉልበታቸውን እንደማወዳደር ነው። ይህንን ኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ነቅፈውታል፤ ከሁለቱ ጫፍ አንድ አንድ ሰው መርጦ ማካፈል ስለ ብዙኃኑ ብዙም አይናገርም። ነቀፋው ግን ቁጥሩን ያህል አልተወራም። ልዩነቱ ተስተካክሎ ሲሰላም ቢሆን ትንሽ አይደለም፤ 28 ግን አይደለም።

እኔ ሳነበው ዓይኔ የገባው ሚኒባሱ ነው። እኔና እሷ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ነው የተማርነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤታችን ኮምፒውተር ካለ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አጎቴ የጽሕፈት አገልግሎት ስለነበረው በልጅነቴ ሰው ማመልከቻ ሲያስጽፍ አማርኛ ታይፕ አደርግ ነበር። እሷ የኮምፒውተር ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካችው ላብ ውስጥ ነው፤ እሱም ለሁለት አንድ፣ መብራት ካለ። ጣቶቼ ከጣቶቿ መፍጠናቸው ምን ይገርማል? ሚዛን ፊት ስንቀመጥ ግን ሚኒባሱ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ እኔ በእግሬ ነኝ፣ ያውም መንገዱን ሳላውቅ። ከሐጂ ፊት ሦስት ቀን የፈጀብኝን እሷ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨረሰችው። የዚያን ቀን አንድ ሰው ሰዓት ይዞብን ቢሆን ኖሮ ስንት እጥፍ ነበር የሚጽፈው?

ቅጹ

እሷ በዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። የሄደችው በደሞዝ ምክንያት ነው ተባለ። ደሞዟ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የምናውቀው እኔና ደረጃው ነን።

ትናንት ማታ ደወልኩላት። ስለ ቅጹ ልጠይቃት ነው ብዬ ነው የደወልኩት፤ ለራሴም የነገርኩት እንደዚያ ነው። ድምፄን ስትሰማ "አንተ! አለህ እንዴ?" ብላ ሳቀች። ጅማ ዝናብ አለ ወይ አለች፤ መች ጠፍቶ አልኳት። አባቷ ዘንድሮ ቡናው ጥሩ ይዟል ብለዋታል። ሐጂን ጠየቀችኝ፤ ጡረታ ወጥተው ጅሬን መንገድ ላይ ልጃቸው ጋ እንዳሉ፣ ባለፈው ሳገኛቸው "ያቺ ስልክ ያላት ልጅ ደህና ናት?" እንዳሉኝ ነገርኳት። በጣም ሳቀች።

ከዚያ ስለ ቅጹ አነሳሁባት። "ፍጥነት የሚል መስመር አለው፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ትሞያለሽ?" አልኳት።

"ከምን እስከ ምን ያለውን ፍጥነት?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም፤ ልጇ እያለቀሰ ነበር። "ደውል እሺ፣ አትጥፋ" አለችኝ። ስለዚያች "ግን" ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘግቷል። ቅጹ ለዓርብ ነው የሚፈለገው።